የአጋዘን እግር ለመስቀያ ስታደርቁ የምትሰሯቸው ስህተቶች

ኮት ወይም ጠመንጃ መስቀያ ለመስራት ብለው የአጋዘን እግር ቤታቸው ያደረቁ ሰዎች "ምን ሆኖ ነው?" እያሉ ያሳዩኛል፣ እኔም ገና ሳልነካው ከሽታው ብቻ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ደግማችሁ ደጋግማችሁ የምትሰሯቸውን ልጻፋቸው።

ዋናው ከላይ ጨው ነስንሶ መተው ነው። እባካችሁ ይሄን ተዉት! ጨው የሚሰራው የቆዳውን ውስጠኛ ገጽ ሲነካ ነው፣ እዛ ያለውን ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያው ውሃ ሲያጣ አይራባም። ፀጉር ላይ የነሰነሳችሁት ጨው ግን ቆዳው ውስጥ አይገባም፣ ከስር ያለው ስጋና ጅማት እንደ እርጥብነቱ ይቀመጣል፣ ከላይ የደረቀ ይመስላል ከውስጥ ይበሰብሳል። አንድ ልጅ ሰኮናውን ቫርኒሽ ሁሉ ቀብቶ አምሮ የጨረሰውን አመጣልኝ፣ ጫፉን ይዤ ትንሽ ጎተት ሳደርገው ሰኮናው ተላቆ እጄ ላይ ቀረ፣ ፀጉሩም በጭብጥ ተነቀለ። ያን ያህል ለፍቶበት ነበር፣ በጣም አሳዘነኝ፣ ያ ግን በምንም አይድንም።

መሰንጠቅ አለበት በቃ። ከተቆረጠበት ጫፍ ጀምራችሁ በእግሩ ኋላ በኩል በስል ቢላ እስከ ትናንሾቹ የኋላ ሰኮናዎች ድረስ ሰንጥቁት፣ ቆዳውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየላጣችሁ ታች ሰኮናው ጋ ስትደርሱ እንደተያያዘ ተዉት። ነጫጭ ወፋፍራም ጅማቶች ታገኛላችሁ፣ አውጧቸው። መገጣጠሚያው ላይ ቆዳው አጥንቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ብዙ ሰው ሰልችቶት የሚያቆመው እዛ ነው፣ ሽታውም የሚጀምረው ከዛው ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ በቢላው ጫፍ ጨርሱት። ሁለቱ ጣቶች መሃል ደግሞ ሰም የመሰለ የሚሸት ነገር ያለባት ትንሽ ከረጢት አለች፣ ከፍታችሁ በጥጥ ጥረጉ፣ ይቺን የሚያስታውሳት ሰው ብዙም አላየሁም። ከዛ ደቃቅ ጨው ውስጡን ሁሉ በእጃችሁ እሹት፣ በማግስቱ የረጠበውን አራግፉና አዲስ ጨምሩ። ያራገፋችሁትን መልሳችሁ አትጠቀሙ፣ ባክቴሪያ አለበት። ጓንት አድርጉ፣ ይሄ እንኳን ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

ቶሎ አለመጀመር። ትኩሱን እግር በፌስታል ቋጥሮ መኪና ውስጥ መተው ማለት ፀጉሩን ለመርገፍ ማዘጋጀት ማለት ነው። ዛሬ ካልደረሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

ሙቀት። ምድጃ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ የምታደርጉ ሰዎች ለምን እንደምትቸኩሉ አይገባኝም። ቆዳው ከላይ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከሰኮናው ጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል። ለማጽዳት ብለው ውሃ ውስጥ የሚቀቅሉትማ አሉ፣ ሰኮና እኮ ሲቀቀል ከአጥንቱ ወልቆ ይወጣል። ነፋስ ያለበት ጥላ ያለው ቦታ ስቀሉት፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ታገሱ።

ሳያጥፉ ማድረቅ። ከደረቀ በኋላ አይታጠፍም፣ በኃይል ስታጥፉት ይሰበራል። ገና እርጥብ እያለ ሰኮናውን ወደ ፊት 90 ዲግሪ አጥፋችሁ፣ ሁለት ጣውላ በቀጥተኛ ማዕዘን ገጥማችሁ እዛ ላይ እሰሩት። ስንጥቁንም ያኔ ነው የምትሰፉት፣ ቆዳው ሲደርቅ ስለሚሸሽ ሁለቱ ጠርዝ አይገናኝላችሁም። እስኪደርቅም እየዞራችሁ እዩት፣ ክሩ ከላላ አጥብቁት፣ ጠማማ ሆኖ የደረቀ እግር ግድግዳ ላይ ሲደረደር ያስጠላል።

ቦራክስ የሚባለው ነጭ የማዕድን ዱቄት ሁሉን ነገር ያደርጋል ብሎ ማሰብ። ቦራክስ ጥሩ ነው፣ ብልና ቆዳ የሚበላ ጥንዚዛ ይከላከላል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ቆዳ አያለፋም፣ ስጋ ያልወጣለትን እግርም አያድንም።

ፎርማሊን (ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል በውሃ የተበጠበጠበት) በመርፌ መውጋት። አንዳንዱ መሰንጠቁን ለመሸሽ ይሄን ይመርጣል። ይሰራል፣ ግን መርዝ ነው፣ ፎርማልዲሃይድን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በሩ በተዘጋ ክፍል፣ ልጆች ባሉበት፣ ወጥ በሚሰራበት ቤት ውስጥ በፍጹም እንዳትሞክሩት። ቢላ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ብትቀመጡ ይሻላችኋል።

ሳይደርቅ ቫርኒሽ መቀባት። እርጥበቱን ይዘጋበታል፣ መጨረሻ ላይ ይሁን።

የመጨረሻው አገጣጠሙ ነው። የተረፈ ጨው በብሩሽ ሳይጠረግ ተራ ሚስማር ይመቱበታል፣ ጨውና ብረት ዝገት ያመጣል፣ ዝገቱ ፀጉሩንም ጣውላውንም ያበላሻል፣ የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ። ቆዳው ላይ ብቻ የያዘ ብሎን ደግሞ ትንሽ ክብደት ሲያገኝ ይነቀላል። አጥንቱ መሃሉ ክፍት ነው፣ እዛ ውስጥ የብረት ዘንግ አስገብታችሁ በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቁና ዘንጉን ጣውላው ላይ እሰሩት፣ ከባድ ነገር ከሆነ የምትሰቅሉት ሌላ አማራጭ የለም። መቅኔውን ግን ቀድማችሁ በሽቦ ፍቃችሁ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጽዱት፣ ካልወጣ ዘይቱ ጣውላው ላይ ይወርዳል፣ ኤፖክሲውም ቅባት ላይ አይዝም።