የእናት ሐረግን ከአረጋውያን ቃልና ከዲኤንኤ ምርመራ እንዴት መከታተል ይቻላል፦ ለጎንደር ቤተሰቦች የቀረበ መመሪያ

በጎንደርና በአካባቢው አንድ ሰው ትውልዱን ሲቆጥር አብዛኛውን ጊዜ በአባቱ በኩል ይወጣል፤ ያለ ብዙ ችግር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰውም ጥቂት አይደለም። የእናቱን እናት፣ የእርሷንም እናት ስም ሲጠየቅ ግን ብዙው ሰው ሦስተኛዋ ወይም አራተኛዋ ላይ ይቆማል። የእኛ የስም አወጣጥ የአባትን ስም ስለሚያስከትል የሴቲቱ ስም በልጆቿ ላይ አይታይም። ይሁን እንጂ ይህ የተዘነጋ መስመር በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በጥንቃቄ የሚፈልገው ሰው በሁለት አቅጣጫ ሊደርስበት ይችላል፤ አንዱ የአረጋውያን ቃል ሲሆን ሌላው የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ምርመራው የሚያተኩረው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴል ኃይል አመንጪ ክፍሎች ውስጥ ባለው፣ በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ ነው። ይህ ዲኤንኤ ከሴል አስኳል ውጭ የሚገኝ፣ 16,569 ያህል ፊደላት (የዘር መልእክቱ የተጻፈባቸው ጥቃቅን ክፍሎች) እና 37 ጂኖች ያሉት ትንሽ ክብ ሰንሰለት ነው። እናት ለወንድም ለሴትም ልጇ ታወርሰዋለች፤ ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግሩት ግን ሴቶቹ ልጆች ብቻ ናቸው። ነገሩን በከተማችን ታሪክ ማስረዳት ይቻላል። እቴጌ ምንትዋብ የእናታቸውን የወይዘሮ እንኮዬን የእናት ሐረግ ይዘው ነበር። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 የነገሡት፣ ያንኑ ሐረግ ከእናታቸው ወርሰዋል። የኢያሱ ልጅ ኢዮአስ ግን የተወለዱት ከውቢት ስለሆነ፣ ምንም እንኳ የምንትዋብ የልጅ ልጅ ቢሆኑ የያዙት የውቢትን የእናት ሐረግ ነው። የምንትዋብን ሐረግ ወደ ፊት ማሻገር የሚችሉት እንደ ወለተ እስራኤልና እንደ አስቴር ያሉት ሴቶች ልጆቻቸው ነበሩ። የራስን ቤተሰብ ሐረግ ሲጽፉ በየደረጃው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሰንሰለቱ በመካከል ወንድ ከገባበት የእናት ሐረጉ እዚያ ላይ ወደ ሌላ ሴት ይዞራል።

መጀመሪያ አረጋውያንን መጠየቅ

ብዙ ሰዎች ምርመራውን ያስቀድማሉ። እኔ የምመክረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ምክንያቱም ዲኤንኤ የሺህ ዓመታትን ጉዞ ሲናገር ያለፉትን 200 ዓመታት በስም አይናገርም፣ ስሞቹን የሚያውቁት አረጋውያን ደግሞ በየዓመቱ እያለፉ ነው።

ጥያቄው አጭርና ግልጽ መሆን አለበት። «እማማ፣ እርስዎን የወለዱት እናት ስማቸው ማን ነበር? የክርስትና ስማቸውስ? ከየት አገር ተድረው መጡ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በዚያው ሰዓት መጻፍ ይገባል። የወለደችውን እናት ከእንጀራ እናት፣ ከክርስትና እናትና በጡት ልጅነት ካሳደገችው ሴት መለየት እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በፍቅር «እናቴ» የተባለች ሁሉ የወለደች ላትሆን ትችላለች። የክርስትና ስም የሚጠየቀው ፍትሐትና ተስካር የሚደረገው በእርሱ ስለሆነ ነው፤ ቤተሰቡ የዓለም ስሟን የረሳት ሴት በክርስትና ስሟ ልትታወስ ትችላለች። ዘመኑን ለመገመት ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ክስተት መጥቀስ ይሻላል፤ ደርቡሽ ጎንደርን ካቃጠለበት ከ1880 ዓ.ም. በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ከክፉ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበረች ወይስ ያገባች፣ ተብሎ ሲጠየቅ አረጋውያን ፈጥነው ያስታውሳሉ።

የጎንደር ክፍለ አገር ሰው በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ዕድል አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ ርስት የተሟገተ ወይም ለሙግት የተዘጋጀ ቤተሰብ ትውልዱን በሴቶች በኩል ጭምር መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ ድረስ ይቆጥር ነበር። እንዲህ ያለ ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ በቤተሰቡ ውስጥ ካለ ከማንም በፊት ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የርስት ቆጠራ ወንዱንም ሴቱንም እያፈራረቀ የሚወጣ ስለሆነ እንዳለ መወሰድ የለበትም፤ ወንድ ላይ ሲደርስ «የእሱስ እናት ማን ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ የሚገኘው መልስ የሌላ ሐረግ መጀመሪያ ነው እንጂ የመጀመሪያው ሐረግ ቀጣይ አይደለም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ውሎችም የሴቶችን ስም ይይዛሉ፤ እነዚህን ለማየት ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅና የቆየ የእጅ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሌላው መመዝገብ ያለበት የትውልድ ቦታ ነው። በአካባቢያችን ሴት ልጅ ተድራ ወደ ባሏ አገር ስለምትሄድ የእናት ሐረግ በየትውልዱ ቦታ ይለውጣል፤ በሦስት ትውልድ ውስጥ ከበለሳ ወደ ወገራ፣ ከወገራ ወደ ደንቢያ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ከተማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አያት የኖሩበት ቦታ የሐረጉ መነሻ ተደርጎ መጻፍ የለበትም።

ምርመራውን መምረጥ

ከአንዲት እናት የተወለዱ ልጆች የሚይዙት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለቤተሰቡ የአንድ ሰው ምርመራ ይበቃል። ውጭ አገር የምትኖር እህት ወይም ወንድም ካለ እርሷ ወይም እርሱ ቢመረመር ውጤቱ ጎንደር ላሉት እናት፣ ለእናት እህቶችና ለልጆቻቸው ጭምር ያገለግላል፤ ወጪውም ውጣ ውረዱም ይቀንሳል። ናሙናው ምራቅ ወይም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከመስጠት በፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መቆጠብ ይመከራል።

የምርመራው ዓይነት ልዩነት አለው። አንዳንድ ድርጅቶች የተመረጡ ጥቂት ነጥቦችን ብቻ አይተው የሐረጉን ስም ይሰጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ 16,569ኙንም ፊደላት ያነባሉ። ጠቅላላ መነሻውን ማወቅ ለሚፈልግ የመጀመሪያው በቂ ነው፤ ቅርንጫፉን በዝርዝር ለማወቅ የሚሻ ግን ሙሉ ንባቡን ያሠራ። ከመፈረም በፊት ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ መረጃው ለማን እንደሚሰጥና እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ይነበብ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከታወቁት ድርጅቶች በአንዱ ላይ በተፈጸመ የመረጃ ስርቆት የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋልጧል። ውጤቱ የተመረመረውን ሰው ብቻ ሳይሆን እናቱንና እህቶቹንም የሚመለከት ስለሆነ እነርሱም አስቀድመው ሊያውቁና ሊስማሙ ይገባል።

ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ የሚመጣው በፊደልና በቁጥር እየተፈራረቀ በተጻፈ ስም ነው። ለምሳሌ ኤም1ኤ1 ተብሎ ቢመጣ፣ ኤም ትልቁ ግንድ፣ ኤም1 የእርሱ ቅርንጫፍ፣ ኤም1ኤ ከዚያ የወጣች፣ ኤም1ኤ1 ደግሞ የመጨረሻዋ ናት። ከስሙ ጋር የሚመጣው የቁጥር ዝርዝር ከመነጻጸሪያው ሰንሰለት የሚለያዩትን ቦታዎች ያሳያል። ይህ መነጻጸሪያ እ.ኤ.አ. በ1981 በካምብሪጅ ታትሞ በ1999 የታረመው ሲሆን፣ የተወሰደው ኤች ከሚባለው በአውሮፓ ከተለመደ ሐረግ ነው። የኢትዮጵያዊ ዝርዝር ረዝሞ መምጣቱ የሚያሳየው ከዚያ ሐረግ ያለውን ርቀት ነው፤ ጉድለትን ወይም በሽታን አያመለክትም። በኤም1 ሐረግ ዝርዝር ውስጥ ዘወትር 16129፣ 16189፣ 16249 እና 16311 የሚሉት ቁጥሮች ይታያሉ። ከእነዚህ 16189 የሚያስከትለው የተደጋገመ ፊደል ለማንበቢያ መሣሪያው አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ በእህትማማቾች ውጤት ላይ ትንሽ ልዩነት ቢታይ መደናገጥ አያስፈልግም።

ኤም1 ከየት መጣ

ኤም1 በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በኢትዮጵያ፣ በብዛት የሚገኝ ሐረግ ነው፤ ከዚህም አልፎ በሰሜን አፍሪካ፣ በዓረብ ምድርና በሜዲትራኒያን ዳርቻ ይገኛል። የመነሻው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። የኤም ግንድ ቅርንጫፎች በህንድና በሌላው እስያ እጅግ ብዙ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ያለው በዋናነት ኤም1 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ይህን የተረዳው ኤም ከምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ወደ እስያ እንደሄደ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 የወጡት ጥናቶች ግን ሙሉ ሰንሰለቱን አንብበው ተቃራኒውን ደመደሙ፤ የኤም1 እናቶች ከደቡብ ምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ናቸው አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው፤ ግንዱ ከአፍሪካ ቢነሳ ኖሮ ሌሎች የቆዩ ቅርንጫፎቹም እዚሁ መታየት ነበረባቸው።

ከሁለቱ ዋና ቅርንጫፎች ኤም1ኤ ይበልጥ የሚገኘው በምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን፣ ኤም1ቢ ወደ ሰሜን አፍሪካና ወደ ሜዲትራኒያን ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በሞሮኮ ታፎራልት ዋሻ ከተገኙና 15,000 ዓመት ያህል ካስቆጠሩ አጽሞች መካከል አንዱ ኤም1ቢ ሆኖ ተገኝቷል። ሐረጉ ግብርና ከመጀመሩ፣ የዛሬዎቹ ቋንቋዎቻችንም አሁን ባላቸው መልክ ከመነገራቸው እጅግ ቀድሞ በአፍሪካ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ውጤቱ ኤም1 ያልሆነ ጎንደሬም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣና 270 ኢትዮጵያውያንን ከ115 የመናውያን ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ የአፍሪካ የሆኑት የኤል ሐረጎችና ከዩራሲያ (ከአውሮፓና ከእስያ) ጋር የሚያያዙት ኤም እና ኤን በሁለቱም አገሮች እኩል ለእኩል የተጠጋ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ከኤል ሐረጎች አንዱ የሆነው ኤል3 የወጣለት ሰው ከአፍሪካ ውጭ ላለው የሰው ዘር ሁሉ እናት ከሆነው ግንድ ጋር ይገናኛል፤ ኤምም ኤንም የወጡት ከእርሱ ነውና። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተገኘውና 4,500 ዓመት ያስቆጠረው ሰው ኤል3ኤክስ2ኤ የተባለውን ሐረግ ይዞ ተገኝቷል፤ ይህ ሐረግ ዛሬም በኢትዮጵያ አለ።

ከውጤቱ መደምደም የሚቻለውና የማይቻለው

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ይገባል። ኤም1 የአማራ፣ የቅማንት፣ የቤተ እስራኤል ወይም የትግሬ መለያ አይደለም፤ በብዙ ሕዝቦች መካከል የሚገኝና ከእነዚህ ስሞች ሁሉ የሚቀድም ሐረግ ነው። ማንም ሰው በዚህ ውጤት የሌላውን ማንነት ሊነሳው ወይም ለራሱ የበለጠ ባለቤትነት ሊያረጋግጥበት አይችልም። አሥር ትውልድ ወደ ላይ ስንወጣ በዚያ ደረጃ 1,024 የወላጅ ቦታዎች አሉ፤ ምርመራው የሚናገረው ከእነርሱ ስለ አንዷ ብቻ ነው።

ድርጅቱ «ዘመድ» ብሎ የሚያቀርባቸው ስሞችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። በሙሉው ሰንሰለት ላይ አንድ ለውጥ የሚከሰተው በአማካይ በ3,600 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች የጋራ እናታቸው ከአክሱም ዘመን በፊት የኖረች ልትሆን ትችላለች። ዝምድናው ቅርብ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከአረጋውያን የተሰበሰበው የስምና የቦታ መዝገብ ነው፤ የሁለቱም ቤተሰብ መዝገብ አንዲት ሴትና አንድ ቀበሌ ላይ ከተገናኘ ፍለጋው ፍሬ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

በቤተሰቡ ውስጥ ወንዶች ልጆች ብቻ የወለደች አረጋዊት ካለች፣ ለእርሷና ለልጆቿ ቅድሚያ ይሰጥ። እህቶች፣ የእህት ልጆች ወይም በእናቷ ሐረግ የቀሩ ሌሎች ዘመዶች ከሌሏት ሐረጉ በወንዶቹ ልጆቿ ላይ ያበቃል፤ እነርሱ በሕይወት እያሉ ካልተመረመሩ በኋላ ከየትም ሊገኝ አይችልም።