ክሊፕ ሌንስ ስልካችሁ ላይ አርጋችሁ እንዴት አሪፍ ፎቶ እንደምታነሱ (ከሐረር)

አክስቴ ጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር) ውስጥ የአክርማ ስፌት፣ ሞሶብ ምናምን ትሰፋለች፣ እኔ ደሞ የሰፋችውን በስልኬ እያነሳሁ በቴሌግራም እሸጥላታለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነበር ሚመጣው፣ "እህቴ እስቲ ስፌቱን ጠጋ ብለሽ አሳዪኝ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው ወይስ ሳሳ ያለ?" ይሉኛል፣ እኔም ስልኩን ጠጋ ሳረገው ብዥ ይላል፣ ራቅ ሳረገው ስፌቱ አይታይም፣ ዙም ሳረገው ደሞ ምስሉ ይበላሻል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፣ የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ10 ሴንቲ ሜትር ምናምን በታች ስትጠጉ ፎከስ ማድረግ አይችልም፣ አሰራሩ ነው። ከፊቱ ክሊፕ ሌንስ፣ ማለትም በመቆንጠጫ ስልኩ ላይ ሚታሰር ትንሽ ሌንስ ስትደርቡበት ግን ልክ ቅርብ ማየት ለሚቸገር ሰው መነፅር እንደማድረግ ይሆንለትና 2 እና 3 ሴንቲ ድረስ ተጠግቶ ያያል።

ብዙ ጊዜ ሚሸጠው አንድ ክሊፕ ከ3 ሌንስ ጋር ነው፣ ፊሽ አይ (ሁሉን ነገር አጉብጦ ሚያሳይ)፣ ዋይድ (ሰፋ አርጎ ሚያሳይ) እና ማክሮ (በጣም ቅርብ ሚያሳይ)። ማክሮዋን ብዙ ሰው ሳያገኛት ይቀራል ምክንያቱም ከዋይዱ ስር ተጣብቃ ነው ምትመጣው፣ የዋይዱን ጫፍ ይዛችሁ ስታዞሩት ለሁለት ይከፈላል፣ ክሊፑ ጋር ምትቀረው ትንሿ ሌንስ ማክሮ እሷ ናት። እኔን ብትጠይቁኝ ሙሉ ፓኬቱ ውስጥ ገንዘቡን ምታወጣው እሷ ብቻ ናት። "ስልኬ እኮ ማክሮ ካሜራ አለው" ምትሉ ካላችሁ ስፔኩን እዩት፣ ርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ነው፣ ዋናው ካሜራችሁ ደሞ 50 ምናምን ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ዋናው ላይ ክሊፕ ማድረጉ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ውድ የሆኑት ስልኮች በራሳቸው በደንብ ስለሚጠጉ እነሱን የያዛችሁ አሁን ወጪ ባታወጡ ይሻላል።

ስትገዙ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁም ይሁን እዚሁ ሐረር ካለ ሞባይል ቤት፣ ሳይሞክሩ መግዛት የለም። ከኪሳችሁ ብር አውጡና ትንንሾቹ ፅሁፎች ላይ ማክሮውን ሞክሩት፣ መሀሉ ጥርት ማለቱ በቂ ነው፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ብዥ ማለቱ ያለ ነገር ነው ግን ብዥታው ግማሹን ፎቶ ከያዘ ወይ ፅሁፉ ዙሪያ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም ከታየ መልሱት። እኔ የመጀመሪያዬን ሳልሞክር ነበር የገዛሁት፣ ሻጩ 25 እጥፍ ያጎላል ብሎኝ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ወሰድኩ፣ ቤት ስደርስ ከእቃው በ1 ሴንቲ ርቀት ካልሆነ አያይም፣ እዛ ድረስ ስትጠጉ ደሞ ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 250 ሚሊ ሜትርን ለተፃፈው ቁጥር አካፍሉት፣ 10 እጥፍ ከሆነ 25 ሚሊ ሜትር ማለትም ሁለት ሴንቲ ተኩል ርቀት ይሰጣችኋል፣ 15 ከሆነ ወደ 17 ሚሊ ሜትር። እቃ ላይ ሚፃፈው ቁጥር ሁሌ እውነት ባይሆንም 10 አካባቢ ያለው ለስራ ይመቻል። ሌላው፣ መስታወት የሆነው ሌንስ ከፕላስቲኩ ከበድ ይላል፣ ስትነኩትም ቀዝቀዝ ይላል።

አሁን ወደ ማሰሩ እንምጣ፣ ሰው ሁሉ "አይሰራም" ብሎ ሚወረውረው እዚህ ጋር ስለሆነ ረጋ በሉ። በመጀመሪያ የስልኩን ከቨር አውልቁ፣ ከቨሩ ካለ ክሊፑ አይተኛም፣ ክፍተት ይፈጠርና አንዱ ጎን ጥርት ሌላው ብዥ ይላል። ቀጥሎ ዋናው ካሜራ የትኛው እንደሆነ እወቁ፣ አሁን ብዙ ስልክ ከጀርባው ከአንድ በላይ ዓይን ስላለው በግምት አይሆንም፤ ካሜራውን ከፍታችሁ ዙሙን 1 እጥፍ ላይ አርጉና ዓይኖቹን ተራ በተራ በጣታችሁ ሸፍኑ፣ ስክሪኑ የጨለመበት እሱ ነው። ከዛ ስክሪኑን እያያችሁ ክሊፑን አስቀምጡ፣ አራቱም ጥግ ላይ ጥቁር ጥላ ሊኖር ይችላል፣ ጥላው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ሌንሱ መሀል ላይ አይደለም ማለት ነው፣ ትንሽ ትንሽ እየገፋችሁ አራቱም ጥግ እኩል እስኪሆን አስተካክሉት። ከዛ በኋላ ዙሙን 1.2 ወይም 1.5 ብታረጉት ጥቁሩ ይወጣል። 2 እና 3 ሚሉትን ቁልፎች ግን አትንኩ፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ወደ ሌላኛው ዓይን ይቀይርባችኋል። አውቶ ማክሮ ሚባለውንም አጥፉት፣ እቃ ስትጠጉ ስልኩ ብልህ ልሁን ብሎ በራሱ ካሜራ ይቀይርና የክሊፑን ፕላስቲክ ያሳያችኋል፤ አይፎን ላይ የአበባ ምልክት ትመጣለች፣ እሷን ነክታችሁ ማጥፋት ነው።

ማንሳቱ ላይ ዋናው ሚስጥር ፎከሱን በጣት ሳይሆን በሰውነት መፈለግ ነው። ስክሪኑን እየነካካችሁ ፎከስ ብትፈልጉ ስልኩ ወደፊት ወደኋላ እያለ ያደክማችኋል። ስክሪኑን በጣታችሁ ጫን አርጋችሁ ያዙና ፎከሱን ቆልፉት፣ ክርናችሁን ጠረጴዛ ወይ ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ከዛ ስልኩን እንደያዛችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ እቃው ተጠጉ፣ ብዥ ብዥ ሲል ቆይቶ ድንገት ቁልጭ ሚልበት ቦታ አለ፣ እዛ ጋር ትንፋሽ ያዝ አርጋችሁ 5 እና 6 ፎቶ በተከታታይ አንሱ፣ አንዱ ይይዛል። ጥርት ሚለው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ስልኩ ከእቃው ጋር ትይዩ ይሁን። ስፌት ጎባጣ ነው፣ ሁሉም ጥርት ይበል ካላችሁ አይሆንም፣ ማሳየት ምትፈልጉትን ቦታ ምረጡ። ስልኩን ስታንድ ላይ ካረጋችሁ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ ስትነኩት ሚፈጠረው መንቀጥቀጥ ራሱ ማክሮ ላይ ይታያል።

በዚህ መንገድ ያነሳሁት የመጀመሪያ ፎቶ የሞሶብ ክዳን ነበር። አክርማው ሰንደዶውን እንዴት እየጠመጠመ እንደሚሄድ፣ ወስፌው የገባበት ቀዳዳ፣ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ሲዞር የተደበቀችው የአክርማ ጫፍ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። አክስቴ ፎቶውን አይታ "ይቺን እኮ ከኔ ሌላ ሰው አያያትም ነበር" አለችኝ፣ እዛች ጫፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደምትደክም እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ከዛ ወዲህ ለእያንዳንዱ እቃ አንድ ሙሉውን ሚያሳይ፣ ሁለት ደሞ በማክሮ ነው ምለጥፈው፣ ያ ጥያቄም ቀርቷል።

ብርሃን ላይ ፍላሽ እርሱት፣ ሌንሱ ራሱ ስለሚጋርደው ግማሽ ጥላ ያመጣል። ጠዋት መስኮት ወይ በር አጠገብ አስቀምጡና በተቃራኒው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሙ፣ ጥላውን ያለሰልሰዋል። እዚህ እኛ ጋር ለየት ያለ ችግር አለ፣ የጁገል ቤቶች ግድግዳ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ሮዝ ነው፣ ፀሀይ አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ስታርፍ ሰፈሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ እዛ ያነሳችሁት ነጭ አክርማ ቅጠል ይመስላል፣ ደንበኛ ደሞ እቃው ሲደርሰው ቀለሙ ሌላ ነው ብሎ ይጨቃጨቃል። ስለዚ ለሚሸጥ እቃ ነጭ ግድግዳ ፈልጉ፣ ለራሳችሁ ፎቶ ከሆነ ግን ያ ቀለም በጣም ያምራል።

ዋይዱ ሚጠቅመው ወደኋላ መሄጃ ሲጠፋ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሰሩት ግንብ ውስጥ ያሉት መንገዶች አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ማያሳልፉ ናቸው፣ መኪና ግርግር ሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ከነስፌት መኪናቸው ላንሳ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። የሐረሪ ቤት ውስጥም እንደዛው፣ ቀያይ ነደባዎቹን (መቀመጫ መደቦቹን) ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች ጋር ባንድ ላይ ለማስገባት በሩ ጥግ ቆማችሁም አይበቃም። 0.6 እጥፍ ሚለውን ምረጡ፣ 0.45 ዳሩን በጣም ያጎብጠዋል፣ ስልኩን ደሞ ቀጥ አርጋችሁ ደረታችሁ ልክ ያዙት፣ ወደላይ ካዘነበላችሁት ግድግዳው የሚወድቅ ነው ሚመስለው። ሰው ዳር ላይ አታቁሙ፣ ፊቱ ይለጠጣል። ስልካችሁ 0.5 ሚል ቁልፍ ካለው ግን በራሱ ዋይድ አለው፣ ክሊፑ አያስፈልጋችሁም። ሰው ስራ ላይ እያለ ደሞ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እምቢ ካለም እሺ ብላችሁ እለፉ።

ፊሽ አይ ለቲክቶክ አንድ ሁለቴ ደስ ይላል፣ ከዛ አይነካም። ቴሌ ሚባል ሩቁን ሚያቀርብ ሌላ ክሊፕ ሌንስም አለ፣ 2 እጥፍ ያቀርባል፣ ሀኪም ጋራ ላይ ወጥቼ ከተማውን አንስቼበታለሁ፣ መሀሉ ደህና ነው ዳሩ ግን ይፈሳል፣ ፊት ለማንሳት ይሻላል። ማታ ጅብ ሲበላ ልታነሱ ስትሄዱ ሁሉንም ክሊፕ ቤት ተዉት፣ ጨለማ ውስጥ እንደ መኪና መብራት ያለ ሀይለኛ ብርሃን ካለ ብርሃኑ በተደራረበው መስታወት መሀል እየተንፀባረቀ ፎቶው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይበትናል፣ ስልኩም ፎከስ ያጣል።

አያያዙን በተመለከተ፣ የድሬ አቧራ ለዚህ እቃ ጠላት ነው። በሶፍት ወይ በሻርፕ ጫፍ አትጥረጉት፣ አሸዋው ሌንሱን ይፍቀዋል፣ መጀመሪያ እፍ በሉበት ወይ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ ከዛ በመነፅር ጨርቅ። ሙቀት ላይ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ትታችሁት እንዳትሄዱ፣ ውስጡ ያለው ሙጫ ይላላል። ክሊፑ ስክሪን ሚነካበት ጎማ ከወለቀም ወዲያው ሌላ ለጥፉበት አለዚያ ስክሪኑን ይጭረዋል።

ስትልኩ ደሞ ቴሌግራም ላይ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩት፣ በፎቶ ሲሄድ ጨምቆ ስለሚያሳንሰው ያ ሁሉ የደከማችሁበት ስፌት ደንበኛው ጋር ሲደርስ መልሶ ብዥ ይላል።