የክሎሪን በርሜሎቹና የባትሪ አሲዱ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና በአይሱዙ ሊላኩ የነበሩት የውኃ ማከሚያ ክሎሪን በርሜሎች ምልክታቸው ተልጦ ስለ ነበር፣ ሾፌሩ እንደ ተራ ዱቄት ቆጥሯቸው የባትሪ አሲድ ጀሪካኖችን ከጎናቸው ሊደረድር ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱ ቢቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ምንነቱን ያረጋገጥሁት ከአምራቹ የደኅንነት መረጃ ሰነድ ነው፤ በዓለም አቀፉ አሠራር የማጓጓዣ መረጃ የሚሰፍረው በ14ኛው ክፍል ስለሆነ፣ ብዙ ገጽ ማገላበጥ አላስፈለገም። ዱቄቱ በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ጭነት መለያ ቁጥር 2880 የተመዘገበ፣ እርጥበት ያለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ምድብ 5.1 ኦክሲዳይዘር (ኦክስጅን እየሰጠ ሌላውን ነገር እንዲነድ የሚያግዝ) ሲሆን፣ የባትሪው አሲድ ደግሞ ቁጥር 2796፣ ምድብ 8 (ቆዳንና ብረትን የሚበላ) ነው።

አሲዱን ለሌላ መኪና አስቀርቼ፣ በየበርሜሉ ላይ በክብ አናት ነበልባል የተሣለበትን 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቢጫ ምልክት ከነቁጥሩ አስለጠፍሁ። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጭነት ወለሉ ነበር፤ ኦክሲዳይዘር የተቀጣጣይ ነገርን እሳት ስለሚያባብስ፣ ከቀድሞ ጭነት የቀረውን የጤፍ ጭድና የናፍጣ ጠብታ ሙልጭ አድርገን አጸዳን። «ጋሼ፣ ዱቄቱ ቢፈስ ሰጋቱራ እንዳትነሰንሱበት» ብዬ፣ ቁጥሩንና ጥንቃቄውን የያዘውን ወረቀት ለሾፌሩ ሰጠሁት።