የድሮ ሌንስ ሶኒ ላይ በቦዲ ካፕ

ሄሊዮስ 44-2 ወይም ሌላ ኤም42 (በ42 ሚ.ሜ. ጥርስ የሚጠመዘዝ የድሮ) ሌንስ ኖሯችሁ ከሶኒ ኢ-ማውንት (መስታወት አልባ ሶኒ ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ) ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ካጣችሁ፣ አንድ ቦዲ ካፕ (ሌንስ ሲወልቅ የካሜራውን አፍ የሚዘጋ ክዳን) እና የኤም42 ማክሮ ቀለበቶች (ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቁ ባዶ ቀለበቶች) ይበቋችኋል።

ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። የሌንሱ መቀመጫ ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው የካሜራ ክፍል) 45.46 ሚ.ሜ. መራቅ አለበት፤ ካሜራው ራሱ 18 ስላለው የሚቀረው 27.46 ነው። የ7 እና የ14 ሚ.ሜ. ቀለበቶችን ስታጋጥሙ 21 ይሞላል። የካፑን መሃል ለቀለበቱ ጥርስ በሚበቃ ልክ፣ 42 ሚ.ሜ. ገደማ ብሱት (ካሜራው ላይ እንዳለ አትብሱ፣ ፍርፋሪው ሴንሰር ላይ ይገባል)። ከቀረው 6.46 ሚ.ሜ. ካፑ ያልሞላውን በጥቁር ካርቶን ሙሉት። መጀመሪያ በፕላስተር አስይዛችሁ ሩቅ ሕንፃ ላይ ሞክሩ፤ በኢፖክሲ ሙጫ ማጣበቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ርቀቱ ትንሽ ይጉደል እንጂ አይብለጥ። ከበለጠ ሩቁ ነገር ጨርሶ አይጠራም፤ ከጎደለ ግን የፎከስ ቀለበቱን ጫፍ ሳይደርስ ማቆም ብቻ ነው።

ውስጡን በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ አለዚያ ነጸብራቁ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ካሜራው ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ያለ ሌንስ ማንሳት» (Release w/o Lens) የሚለውን ፍቀዱ።

ከባድ ዙም ሌንስ ግን አትስቀሉበት፤ የካፑ ጥርስ ፕላስቲክ ነው።