በእንግሊዝኛ «እችላለሁ» ስትሉ «አልችልም» ተብሎ እንዳይሰማባችሁ

ችሎታን በእንግሊዝኛ በ«ካን» (can) ለመግለጽ የሚያስፈልገው ሰዋስው ትንሽ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው ወረቀት ላይ ሳይሆን አፉን ሲከፍት ነው። ስለዚህ ቀላሉን ቶሎ እንጨርስ።

1. «ቱ»ን ጣሏት

«መንዳት እችላለሁ» ስለምንል እጃችን ሳይታወቀው «አይ ካን ቱ ድራይቭ» ይጽፋል። ትክክሉ «አይ ካን ድራይቭ» ነው። ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለእነሱም ያው ካን ነው፤ ኤስ አይጨመርበትም። ሲፈርስ ካንት ይሆናል እንጂ «ዶንት ካን» የሚባል ነገር የለም። ደግሞ እኛ «እንግሊዝኛ እችላለሁ»፣ «ዋና እችላለሁ» ብለን መጨረስ እንችላለን። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ግስ ካልገባ አይሆንለትም፦ «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ»፣ «አይ ካን ስዊም»።

2. ካንን አድክሙት

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። አሜሪካ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረባችሁ እንበል። «እሁድ መሥራት ትችላላችሁ?» ተባላችሁ። ቁርጠኝነታችሁን ለማሳየት ካንን ረገጥ አድርጋችሁ «አይ ካን ዎርክ ኦን ሰንዴይ» አላችሁ። ጠያቂው «ኖ ፕሮብለም» ብሎ እሁድን ሰረዘው። አልችልም ያላችሁ መስሎታል።

ለምን? አሜሪካኖች በዓረፍተ ነገር መሃል ካንን «ካን» ብለው አይጠሩትም። «ክን» ነው የሚሉት፣ በእኛ ሳድስ፣ ፈጠን አድርገው። ጉልበቱን ለሚከተለው ግስ ያስቀምጡታል፦ «አይክን ዎርክ»። ካንት ሲሆን ግን ራሱን ቃሉን ይረግጡታል፣ አናባቢውንም ሳብ ያደርጉታል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ይውጧታል። እሷ ከተዋጠች ጆሯቸው ሁለቱን የሚለየው በጉልበቱ ነው። እኛ ደግሞ ቃሉን ሁሉ እኩል እየረገጥን ማንበብ ለምዶብናል። አጥብቀን «ካን» ባልን ቁጥር እነሱ የሚሰሙት «ካንት» ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ባለቤቱንና ካንን አንድ ቃል አድርጓቸው፦ አይክን፣ ዩክን፣ ሺክን፣ ዊክን። ከዚያ ግሱን መታ አድርጉ፦ «ሺክን ድራይቭ»። ቀጥሎ አፍራሹን፦ «ሺ ካንት ድራይቭ»፣ ካንት ላይ ቆም ብላችሁ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ የስልካችሁን በድምጽ መጻፊያ ከፍታችሁ ተናገሩ፤ የትኛውን እንደጻፈ ተመልከቱ። ስልኩ አንዳንዴ ከአውዱ ገምቶ ያስተካክላል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። አገሩን የለመደ ሰው ቢሰማችሁ ይሻላል። ቃላትን ለየብቻ እያነበበ የሚያስደግም አፕ ግን እዚህ ላይ ጊዜ ማባከን ነው፤ ካን ለብቻው ሲነበብ ሁሌም ሙሉ ድምጽ አለው።

ሙሉ ድምጹ የሚፈለግበት ቦታም አለ፦ ከኋላው ግስ ሳይከተለው ሲቀር። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 የተወዳደረበት «የስ ዊ ካን» በ«ክን» ቢያልቅ ኖሮ ማንም አይጮህለትም ነበር። እንግሊዞች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ብዙዎቹ ካንትን አፋቸውን ከፈት አድርገው «ካኣንት» ስለሚሉት ከካን ጋር አይምታታም።

ግራ ከተጋቡባችሁ ደግሞ አትከራከሩ። «የስ፣ አይ ካን» ወይም «ሶሪ፣ አይ ካንት» በሉና ዝጉት። የስ እና ሶሪ ሥራውን ይሠሩላችኋል።

3. ያለፈውና የሚመጣው

«ልጅ ሆኜ በደንብ መዋኘት እችል ነበር» የሚለው ኩድ ነው፦ «አይ ኩድ ስዊም»። አንድ ቀን ስለተሳካ ነገር ሲሆን ግን ኩድ ያሳስታል። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያለፈ ሰው «አይ ኩድ ፓስ ዘ ቴስት» ካለ፣ ሰሚው «ማለፍ እችል ነበር፣ ግን...» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል። እንኳን ደስ አለህ የሚለው የለም። እዚህ ቦታ «ዋዝ ኤብል ቱ» ይገባል፤ ተለፍቶበት የተገኘ ከሆነ «ማኔጅድ ቱ» ይበልጥ ያምራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱንም ትታችሁ «አይ ፓስድ» በሉ፣ አለቀ። ማየትና መስማት ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው፤ የአንድ ጊዜም ቢሆን «አይ ኩድ ሂር ሂም» ይባላል። ኩድንት ደግሞ ለሁሉም ይሆናል፣ አትጨነቁለት።

ለወደፊቱ «ዊል ካን» የለም። «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ነው።

4. አለመቻል ሁሉ ካንት አይደለም

«ህመሙን አልቻልኩትም» ስንል መቋቋም ማለታችን ነው። በቀጥታ «አይ ካንት ዘ ፔን» ብትሉ ማንም አይገባውም፤ «አይ ካንት ስታንድ ዘ ፔን» በሉ። «ምንም ማድረግ አልችልም» ደግሞ «አይ ካንት ዱ ኤኒቲንግ» ነው። «ናቲንግ» ብትሉ መግባባቱ ይኖራል፣ ማመልከቻ ላይ ግን እንዳትጽፉት።

ዕቃ ሲያስቸግር ደስ የሚል ነገር አለ። እኛ «መኪናው አልነሳ አለ»፣ «በሩ አልከፈት አለኝ» እንላለን፤ ዕቃው እንደ ሰው እምቢ ያለ ይመስል። እንግሊዝኛም እዚህ ላይ ካንትን ትቶ እምቢታውን ይወስዳል፦ «ዘ ካር ዎውንት ስታርት»፣ «ዘ ዶር ዎውንት ኦፕን»። ትናንት ከሆነ «ዉድንት ስታርት»። መካኒክ ጋ ስትደውሉ ይህን በሉ።