ውጭ ሀገር ኢንተርኔትና የቤት ስልክ ስናስገባ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ ሀገር ገብቶ ቤት ተከራይቶ ኢንተርኔት ማስገባት ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ከዛ ግን ፎርሙ እምቢ ይላል፣ ወይ ቴክኒሻኑ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ነገር ተሰክቶ አንዷ ቀይ መብራት ፍጥጥ ብላ ታያችኋለች። እኔ ሶስት ቤት ስቀይር በዚህ ነገር ብዙ ቀን አቃጥያለሁና ያየሁትን ልጻፈው። ከሁሉም በፊት ግን፣ ብዙ ሰው ችግር ሲያይ መጀመሪያ የሚሮጠው ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ ያለችውን ትንሽዬ ቀዳዳ በመርፌ ለመጫን ነው። እባካችሁ አትንኳት። እሷ ሪሴት ናት እንጂ ሪስታርት አይደለችም፣ የተሞላውን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ምናምን ጠራርጋ ነው የምታጠፋው፣ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። ይልቅ ነገርየው የት ጋ እንደቆመ ፈልጉ፦ ወረቀቱ ጋ ነው፣ ግድግዳው ጋ ነው፣ ሳጥኑ ጋ ነው ወይስ ዋይፋዩ ጋ።

ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እምቢ የሚለው ሲስተሙ ነው፣ ስልክ ያነሳው ልጅ ራሱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታየውም። አንደኛው ጥርጣሬ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ቀን ነው፦ ኮንትራቱ 24 ወር ይላል፣ ፈቃዳችሁ ደግሞ 10 ወር ነው የቀረው፣ ስለዚ ይጥላችኋል። ወር በወር የሚሄድ ወይ ቅድመ ክፍያ የሆነ ፓኬጅ ካላቸው እሱን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወደዳል ግን ፈቃዱ ሲታደስ ትቀይሩታላችሁ። ሁለተኛው የክሬዲት ታሪክ (ብድርና ሂሳብ በጊዜው መክፈላችሁን የሚያሳይ መዝገብ) ነው፣ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ጭራሽ ስለሌላችሁ፣ እዚህ ጋ "ማስያዣ ልክፈል?" ብሎ መጠየቅ አንዳንዴ ያስኬዳል።

ሶስተኛው የኛን ሰው በደንብ አድርጎ የሚያሰቃየው ስም ነው። ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ይላል፣ እኛ ደግሞ ያለን የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የኔ ባንክ ላይ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል፣ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ደግሞ የአያቴ፣ እና ለነሱ ሁለት የተለያየ ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩላችሁ። ሁለት ጊዜ ውድቅ ከተደረገ በኋላ ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለአንዷ ሰራተኛ ሳሳያት ነው በሁለት ደቂቃ ያስተካከለችው። ስለዚ መኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ባንኩንም በሱ አስተካክሉ፣ "ያው ነው ይገባቸዋል" አትበሉ፣ አይገባቸውም።

እስከዛው ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝታችሁ መስኮት ጋ አስቀምጡት፣ መሀል ቤት ካለው መስኮቱ ጋ ያለው በብዙ ይሻላል።

"ቴክኒሻኑ መጥቶ ነበር ግን ሰው የለም" ይላሉ፣ እናንተ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ነበራችሁ

በሩ ላይ ያለውን ደወል እዩት፣ የማን ስም ነው የተጻፈው? የኔ ላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ስም ነበር፣ ቴክኒሻኑ መጥቶ ስሜን ፈልጎ አጥቶ ሄዷል። ወረቀት ላይ ስሜን ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ በቃ በሚቀጥለው ቀጠሮ ገባ። ሌላው ደግሞ ማመልከቻው ላይ የሞላችሁት ስልክ ነው፣ ብዙ ሰው የሀገር ቤቱን ቁጥር ወይ በኋላ የጣለውን ጊዜያዊ ሲም ነው የሚሞላው፣ ቴክኒሻኑ ደግሞ ወደዛ ደውሎ ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ቤት ነው የሚሄደው። አፓርታማ ከሆነ የመስመሩ ሳጥን ምድር ቤት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከቀጠሮው በፊት ጠይቁ፣ ግድግዳ የሚበሳ ከሆነም የአከራይ ፈቃድ በጽሁፍ ያዙ።

"በዚህ አድራሻ ሌላ ደንበኛ አለ" የሚል መልስ

የቀድሞው ተከራይ መስመሩን አልዘጋውም ማለት ነው። ቤቱን የተረከባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ላኩላቸው፣ ከግድግዳው ሶኬት ወይ እዛው ከቀረው ሳጥን ላይ የተለጠፈችውን ቁጥርም ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። እሷ ቁጥር የትኛው መስመር እንደሆነ ስለምትነግራቸው ከአስር ደቂቃ ማብራሪያ ትሻላለች።

ሁሉም ተሰክቷል፣ መብራቱ ግን ቀይ ነው ወይ ብልጭ ድርግም ይላል

ፋይበር ከሆነ (ኢንተርኔቱ በብርሃን የሚመጣበት መስመር) ኤልኦኤስ (LOS) የሚል መብራት ፈልጉ። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ጭራሽ ኬብሉ የሚሰካበት ሳጥን ጋ አልደረሰም፣ ስለዚ ራውተሩን አስር ጊዜ ብታጠፉና ብታበሩ ዋጋ የለውም። ቀጭኗን ኬብል ከግድግዳው ጀምራችሁ በአይናችሁ ተከተሏት፣ ውስጧ መስታወት ነው፣ ሶፋ ስር ተጨፍልቃ ወይ በር ጥግ ላይ እጥፍ ብላ ከሆነ ብርሃኑ እዛ ጋ ይጠፋል። ሰፋ ባለ ክብ ዘርጓት። ጫፏንም ቀጥ አድርጋችሁ ቀጭ እስክትል ግፏት፣ ግማሽ ገብታ ገባሁ የምትል ነገር ናት። የጫፏን ቀለም ደግሞ እዩ፣ አረንጓዴው ጫፍ አፉ ሰያፍ ተቆርጦ ነው የተሰራው ሰማያዊው ግን አይደለም፣ ሁለቱን ማጋጠም ምልክቱን ያበላሻል። ጫፉን በጣት አትንኩት፣ በአይንም ወደ ውስጥ አትመልከቱ፣ ብርሃኑ አይታይም እንጂ አይን ሊጎዳ ይችላል።

ኤልኦኤስ ጠፍቶ ፖን (PON) የሚለው ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ብርሃኑ መጥቷል፣ ሳጥኑ ግን ገና አልተመዘገበም፣ ብዙውን ጊዜ የሳጥኑን ሴሪያል ቁጥር እነሱ ናቸው ሲስተማቸው ላይ ማስገባት ያለባቸው። ደውሉና ቁጥሩን አንብቡላቸው።

በስልክ ሽቦ የሚመጣው ዲኤስኤል ሲሆን ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ከወዲያኛው ጫፍ ጋ አልተገናኘም ማለት ነው። ቤቱ ሶስት የስልክ ሶኬት ቢኖረው መስመሩ አንዱ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል በየሶኬቱ ሞክሩ፣ ግን በያንዳንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሱ፣ ቶሎ አይይዝም።

መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ኮምፒውተሩን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ የአይፒ አድራሻውን (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እዩ። 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፣ ለራሱ ፈጥሮ ነው የያዘው፣ ኬብሉን ወይ የሰካችሁበትን ቀዳዳ ቀይሩ። አድራሻው ደህና ሆኖ ምንም ካልከፈተ ራውተሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጠይቅ አይነት ሊሆን ይችላል፣ የሚጻፈው ከኮንትራቱ ጋ በመጣው ደብዳቤ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ማስታወቂያ መስሎት የጣለው ደብዳቤ። ቴሌግራም እየሰራ ድረገጽ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ዲኤንኤሱን (የድረገጽ ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን) ወደ 1.1.1.1 ወይ 8.8.8.8 ቀይራችሁ ሞክሩ።

ቀርፋፋ ነው፣ የተዋዋልኩት ይሄን አይደለም

መጀመሪያ ሂሳቡን እናስተካክል፦ የሚሸጡላችሁ በሜጋቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ የሚታየው በሜጋባይት፣ ስለዚ ለ8 ይካፈላል። 100 ተዋውላችሁ 12 ካያችሁ ማንም አልሰረቃችሁም። የተዋዋላችሁት ከ100 በላይ ሆኖ በኬብል ስትለኩ 94 አካባቢ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን ኬብሉን ጠርጥሩ፣ ውስጡ 8 ሽቦ አለ፣ አንዱ ከተበጠሰ 4ቱን ብቻ ይዞ ወደ 100 ይወርዳል። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ ከቀረፈፈ ራውተሩን ከቲቪ ጀርባ አውጡት፣ ቅርብ ስትሆኑ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ተጠቀሙ፣ ግድግዳ ሲበዛ 2.4ቱ ይሻላል።

የቤት ስልኩ ድምጽ የለውም

አሁን አሁን አብዛኛው የቤት ስልክ የሚሄደው በኢንተርኔቱ ላይ ነው፣ ስለዚ ስልኩን ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ዝም ይላል፣ ራውተሩ ጀርባ የስልክ ምስል ያለባት ቀዳዳ ላይ ስኩት። መብራት ሲጠፋ እሱም እንደሚጠፋ እወቁ፣ ለድንገተኛ ጥሪ ሞባይላችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ።

ሀገር ውስጥ ይደውላል ወደ ውጭ ግን እምቢ ካለ፣ ዓለም አቀፍ ጥሪ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ይከፈትልኝ በሉ፣ ታሪፉንም እዛው ጠይቁ። አደዋወሉንም እዩ፣ በብዙ ሀገር ወደ ውጭ ሲደወል መጀመሪያ የሚመታው 00 ነው፣ አሜሪካና ካናዳ ግን 011፣ ጃፓን 010። ከሀገሩ ኮድ በኋላ ደግሞ የቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው 0 በአብዛኛው ትወጣለች (ጣልያን የቤት ስልክ ላይ አትወጣም፣ እሷን ለማወቅ ስንት ጊዜ ባዶ ደወልኩ መሰላችሁ)።

ድርጅት ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ የድሮውን ኮንትራት ቀድማችሁ እንዳትዘጉ። ቁጥሩ ሲዘጋ አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ባንኩ ኮድ የሚልከው ደግሞ በሱ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ድርጅት ራሱ ይጎትተው፣ ከመጣ በኋላ የቀረውን ዝጉ።

ለድርጅቱ ስትደውሉ

"ኢንተርኔት አይሰራም" ካላችሁ አጥፍታችሁ አብሩት ይሏችኋል፣ ታበራላችሁ፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሌላ ሰው ያነሳና እንደገና ከዜሮ። "ኤልኦኤስ ቀይ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ፣ ኬብሉን አይቻለሁ፣ ሴሪያሉ ይሄ ነው" በሉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ጥያቄያችሁ የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀብላችሁ ከቀኑ ጋ ጻፉ፣ ቋንቋው ከከበዳችሁም እዛችው ወረቀት ላይ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አንብቡላቸው፣ እኔ እስካሁን እንደዛ ነው የማደርገው።