ጣሊያንን በባቡርና በኪራይ መኪና፦ የመጀመሪያ የባሕር ማዶ ዕረፍታቸውን ለሚያቅዱ ጥንዶች

ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ባሕር ተሻግረው ለዕረፍት ሲሄዱ ዕቅዳቸውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው፣ በዐሥር ቀን ውስጥ አገሩን በሙሉ ለማየት መጓጓት ነው። ጣሊያን ደግሞ ለዚህ ጉጉት የምትመች አገር ናት፤ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ሳያዩት ቢያልፉ የሚቆጭ ከተማ አለ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ደንብ ያዙ፦ ትልልቆቹን ከተሞች በባቡር፣ ገጠሩን በመኪና ጎብኙ፤ መኪናውን ለገጠሩ ቀናት ብቻ ተከራዩ፤ ወደ ከተማ ከመመለሳችሁም በፊት አስረክቡ።

ይህን ደንብ የሚከተል የ10 ሌሊት ዕቅድ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ሮም 3 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 2፣ በሲየና አካባቢ ገጠር 3፣ ቬኒስ 2። የአውሮፕላን ትኬቱን ወደ ሮም ገብቶ ከቬኒስ እንደሚወጣ አድርጋችሁ ብትገዙ፣ ወደ መጀመሪያው ከተማ ለመመለስ የሚባክን ቀን አይኖርም። ቀኖቹን ከመደልደላችሁ በፊት ግን ሁለታችሁም፣ አንዳችሁ የሌላውን ሳታዩ፣ ሊያመልጣችሁ የማትፈልጉትን ሁለት ሁለት ነገር በወረቀት ጻፉ። አንዱ ሙዚየም ሲጽፍ ሌላው በወይን ማሳ መካከል መቀመጥን ከጻፈ፣ ውይይቱ ቤት ውስጥ ቢካሄድ ይሻላል።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ የሸንገን (ጣሊያን ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ሕጉ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው እንዲገባ ቢፈቅድም፣ የቀጠሮ ወረፋ ስለሚኖር እስከዚያ መጠበቅ ራስን ማስጨነቅ ነው። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከመውጫው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት፤ የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ባልና ሚስት ብትሆኑም ማመልከቻው ለየራሳችሁ ነው። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ያለ ክፍያ ሊሰረዝ የሚችል ሆቴል ያዙ እንጂ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ።

ቪዛው እንደተገኘ የፈጣን ባቡር ትኬቶችን ለመግዛት አትዘግዩ። በትልልቆቹ ከተሞች መካከል ፍሬቻሮሳና ኢታሎ የተባሉ ተፎካካሪ ባቡሮች በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር እየፈጠኑ ይመላለሳሉ። ከሮም ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፍሎረንስ ቬኒስ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። አስቀድሞ የሚሸጠው ርካሽ ትኬት ለዚያው ባቡር ብቻ የሚሠራና ገንዘቡ የማይመለስ በመሆኑ፣ አውሮፕላናችሁ በሚያርፍበት ቀን እንዲህ ያለ ትኬት መያዝ አይመከርም። የአንዱ ኩባንያ ትኬት በሌላው ባቡር እንደማያሳፍርም ልብ በሉ። በጣቢያው ሰሌዳ ላይ ከተሞቹ በጣሊያንኛ ስማቸው ሮማ፣ ፊሬንዜ፣ ቬኔዚያ ተብለው ይጻፋሉ፤ ‹ቢናሪዮ› ከሚለው ቃል ሥር ያለው ቁጥር ባቡሩ የሚቆምበትን ሐዲድ ያመለክታል። ሻንጣችሁን የሚቀበላችሁ ሰው ስለሌለ ደረጃውን ተሸክማችሁ የምትወጡት ራሳችሁ ናችሁ። በእኔ አስተያየት ለሁለት ሰው ከአንድ ግዙፍ ሻንጣ ሁለት ትንንሾች ይሻላሉ፤ ኋላ በትንሿ መኪና ውስጥም ይህ ጥቅሙ ይታያል።

በየትንሹ ከተማ የሚቆመው የክልል ባቡር ሌላ ሥርዓት አለው። ዋጋው በርቀቱ ልክ የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ መግዛት ቅናሽ አያስገኝም። የወረቀት ትኬት የገዛ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በሐዲዱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገብቶ ቀንና ሰዓት ማሳተም አለበት፤ በስልክ የገዛም ‹ቼክ ኢን› ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህን የዘነጋ ተሳፋሪ ገንዘቡን ከፍሎ እንኳ እንደ ሕገ ወጥ ይቀጣል።

መኪናውን ከፍሎረንስ መሀል ይልቅ ከአየር ማረፊያው አካባቢ ተረከቡ፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚነሳው ትራም 20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያደርሳችኋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ መያዝ አለበት፤ ይህም የሚወጣው መንጃ ፈቃዱ በተሰጠበት አገር ስለሆነ ከመነሳት በፊት ይዘጋጅ። ኪራዩ የሚመዘገበው በዋናው አሽከርካሪ ስም ነው፤ ለመያዣ የሚሆነውም በዚያው ሰው ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ነው። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ሁለተኛውን አሽከርካሪ በውሉ ላይ አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በቁጥር ያነሰና በኪራይ የሚወደድ ስለሆነ፣ በእጅ ማርሽ መንዳት የማትችሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ኢንሹራንሱ ቢኖርም ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ እስከ ስንት እንደሚደርስ፣ ጎማና መስታወት መካተታቸውንም ጠይቁ።

ቁልፉን እንደተቀበላችሁ ወዲያው አትነሱ። አንዳችሁ በስልክ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ መኪናውን ቀስ ብላችሁ ዙሩት፤ የአራቱን ጎማዎች ቸርኬ፣ የፊት መስታወቱን፣ የበሮቹን ጠርዝ፣ በመጨረሻም የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ ቅረጹ። በውሉ ላይ ያልሰፈረ ጭረት ካገኛችሁ ከግቢው ሳትወጡ አጽፉት።

በጣሊያን መንገድ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው በአሮጌ ከተሞች መሀል ያለው፣ ያለ ፈቃድ በመኪና መግባት የተከለከለበት ቀጠና ነው። ‹ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ› ይሉታል፤ ምልክቱ በቀይ ቀለበት የተከበበ ነጭ ክብ ነው። ‹ቫርኮ አቲቮ› የሚል ጽሑፍ ከበራ ካሜራው እየሠራ ነው ማለት ነው። እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ጉዟችን የስልኩን ካርታ አምነን ወደ አንዲት ጠባብ ጎዳና ታጠፍን፤ ቅጣቱ የደረሰን ከወራት በኋላ ነበር፤ አከራዩም ስማችንን ለፖሊስ ለማሳወቅ ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ከካርዳችን ወስዷል። ስለዚህ ሲየናንና ሳን ጂሚኛኖን ስትጎበኙ መኪናውን ከቅጥሩ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ሰማያዊ መስመር የሚከፈልበት፣ ነጭ ነጻ፣ ቢጫ ደግሞ ለተፈቀደላቸው ብቻ የተያዘ ማቆሚያ ነው።

ከፍሎረንስ ሲየና የሚወስደው ፈጣን መንገድ አይከፈልበትም። በአረንጓዴ ሰሌዳ የሚታወቀው አውቶስትራዳ ግን ሲገቡ ወረቀት ተወስዶ ሲወጡ የሚከፈልበት ሲሆን፣ መውጫው ላይ ‹ቴሌፓስ› ከሚለው፣ የራስ ሰር መክፈያ መሣሪያ ለገጠሙ መኪኖች ብቻ ከተያዘው ቢጫ መስመር መራቅ ያስፈልጋል። የፍጥነት ወሰኑ በአውቶስትራዳ 130፣ ዝናብ ሲዘንብ 110፣ በተራ የገጠር መንገድ 90፣ በከተማ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚያ ብዙ የሚያውቃቸው ቃላት ያጋጥሙታል፤ ፌርማታ ፌርማታ ነው፣ ፍሬንም ‹ፍሬኖ› ነው፣ ቤንዚንም ‹ቤንዚና› ተብሎ ተጽፎ ያገኘዋል። ናፍጣ ግን በማደያው ላይ ‹ጋዞሊዮ› ተብሎ ይጻፋል፤ ቤንዚን ማለት በሆነው በእንግሊዝኛው ‹ጋሶሊን› ተታልሎ ቤንዚን የመሰለው ሰው ሞተሩን ያበላሻል።

ለገጠሩ ሦስት ሌሊት አንድ የእርሻ ቤት ማረፊያ ይዛችሁ ከዚያው መመላለስ፣ በየቀኑ ሻንጣ ከመዝጋት ይሻላል። በ2004 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኦርቻ ሸለቆና በውስጡ ያለችው ትንሽ ከተማ ፒየንዛ ከሲየና አንድ ሰዓት ያህል ናቸው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ካርታው ከሚሰጣችሁ ጊዜ ላይ ሲሶውን ጨምሩበት።

የኪራይ ቀን በ24 ሰዓት ስለሚቆጠር መኪናውን በተረከባችሁበት ሰዓት መልሱ፤ ጥቂት መዘግየት የአንድ ቀን ሂሳብ ሊያስከፍል ይችላል። ነዳጁን በአቅራቢያው ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ ወደ ቬኒስ ከሚሄደው ባቡር በፊትም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተርፏችሁ ይቆይ። ባቡሩ መጀመሪያ በየብስ ባለው ሜስትሬ ይቆማል፤ እናንተ የምትወርዱት በመጨረሻው ጣቢያ በሳንታ ሉቺያ ነው። ከጣቢያው በር ስትወጡ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ከፊታችሁ ትልቁ ቦይ ነው፤ የሕዝብ ጀልባውን ትኬት ከዚያው ገዝታችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት በማንበቢያው ላይ አስነኩት።